የጨለማውን ባሕር መንገድ የከፈተው ካፒቴን

እኛ ክረምት ስንል ዝናብና ጭቃ ይታወሰናል። በሰሜን ኖርዌይ ግን ክረምት ማለት የፀሐይ መጥፋት ነው። በትሮምሶ ከተማ ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ፀሐይ ከአድማስ በላይ አትወጣም። ከደቡብ የሚመጣ ሞቃት የውቅያኖስ ጅረት በጠረፉ ስለሚያልፍ ባሕሩ ወደ በረዶነት አይለወጥም። ስለሆነም የመርከበኛው ዋና ጠላት ጨለማው ነበር። ይህን ጠላት የተቋቋመው የትሮምሶ ተወላጅ ካፒቴን ሪካርድ ቪት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቪት በ1846 ዓ.ም. ተወለደ። ባሕርተኝነትን ከንግድ ጋር አጣምሮ የያዘ ሰው ስለነበር፣ የቬስተሮለን ደሴቶች ነዋሪ ዓሣውን ወደ ገበያ ለማድረስ ምን ያህል እንደሚቸገር ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። በ1881 ዓ.ም. በስቶክማርክነስ መንደር የቬስተሮለንን የእንፋሎት መርከብ ኩባንያ አቋቋመ።

በዚያ ዘመን ከትሮንድሄይም ወደ ሐመርፌስት የተላከ ደብዳቤ በበጋ እስከ ሦስት ሳምንት፣ በክረምት እስከ አምስት ወር ይፈጅ ነበር። በ1891 ዓ.ም. የመንግሥት አማካሪ የነበረው አውጉስት ግራን ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ፈጣን የመርከብ መስመር እንዲቋቋም ሐሳብ አቀረበ። ሁለቱ ታላላቅ የመርከብ ኩባንያዎች ግን ሥራውን አንቀበልም አሉ። ምክንያታቸው ተራ ፍርሃት አልነበረም። ከትሮንድሄይም በስተሰሜን የነበሩት የባሕር መብራት ማማዎች 28 ብቻ፣ የባሕር ካርታዎቹም ሁለት ብቻ ነበሩ። በደሴቶችና በስውር አለቶች መካከል በክረምት ሌሊት መጓዝ ሰውንና ንብረትን ለጥፋት መዳረግ መስሎ ታያቸው።

ቪት ግን ሥራውን የተቀበለው በድፍረት ብቻ ተመክቶ አይደለም። እርሱና የመርከብ መንገድ መሪው አንደርስ ሆልቴ በየጉዞአቸው የኮምፓሱን አቅጣጫ፣ የመርከቧን ፍጥነትና የፈጀባቸውን ጊዜ በጥንቃቄ ሲመዘግቡ ቆይተው ነበር። የመርከብ ፍጥነትና የተጓዘችበት ጊዜ ከታወቀ ርቀቱ ይታወቃል፤ አቅጣጫው ሲጨመርበት ደግሞ መርከቧ ያለችበት ስፍራ ይገመታል። ዓይን ማየት በተሳነው ጊዜ ሰዓትና ኮምፓስ ይመራሉ ማለት ነው። ሌሎቹ ካርታ የለም ብለው ሲቀመጡ፣ እነዚህ ሁለት ሰዎች የጎደለውን በማስታወሻቸው ሞሉት።

ሜይ 18 ቀን 1893 ዓ.ም. ኩባንያው ከመንግሥት ጋር የአራት ዓመት ውል ተፈራረመ። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በበጋ እስከ ሐመርፌስት፣ በክረምት እስከ ትሮምሶ ለመጓዝ ግዴታ ገባ። ጁላይ 2 ቀን ጠዋት «ቬስተሮለን» የተባለችው መርከብ ከትሮንድሄይም ተነሣች። በ67 ሰዓት ውስጥ ሐመርፌስት ስትደርስ ከተወሰነላት ሰዓት ግማሽ ሰዓት ቀድማ ነበር። ወሳኙ ፈተና ግን የበጋው ጉዞ ሳይሆን ተከትሎ የመጣው ክረምት ነበር። መስመሩ ይህንንም ተወጣ። በ1894 ዓ.ም. ቀድሞ እንቢ ያሉት ኩባንያዎች ራሳቸው ወደ አገልግሎቱ ገቡ።

ይሁን እንጂ ቪት ከባድ ቅሬታ ቀርቶበት ነበር። የሪሶይ መተላለፊያ ጥልቀት ስላልነበረው ፈጣኑ መስመር የኩባንያው መንደር ወደሆነችው ወደ ስቶክማርክነስ አይደርስም ነበር። መተላለፊያው ተቆፍሮ እንዲጠልቅ ቪት ለብዙ ዓመታት ተከራከረ። ሥራው ተፈጽሞ ንጉሥ ሆኮን ሰባተኛ መተላለፊያውን የመረቁት በ1922 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያን ጊዜ ቪት የሰባ አምስት ዓመት ሽማግሌ ነበር። ከስምንት ዓመት በኋላ በ1930 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ።

ዛሬ መርከቦቹ በበርገንና በኪርኬነስ መካከል 34 ወደቦችን ይጎበኛሉ። ብዙ መንገደኞችም በሰማይ ላይ የሚታየውን የሰሜን ብርሃን ለማየት ሲሉ በክረምት መጓዝን ይመርጣሉ። የሚደነቁበት ጨለማ አስቀድሞ በሁለት ሰዎች ትዕግሥት፣ ደቂቃ በደቂቃ ተመዝግቦ መንገድ የሆነ ጨለማ ነው።