አልበርት በርንሃርድ ፍራንክ፦ የሥርና የፈንገስ ኅብረት ተመራማሪ (1839–1900 እ.ኤ.አ.)

በ19ኛው ክፍለ ዘመን በርካታ የዕፅዋት ሊቃውንት በሥር ላይ የሚገኝን ፈንገስ የበሽታ ምልክት አድርገው ይቆጥሩት ነበር። ይህን አመለካከት በማስረጃ ከተሟገቱት መካከል ጀርመናዊው አልበርት በርንሃርድ ፍራንክ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳል።

ፍራንክ እ.ኤ.አ. በ1839 በድሬስደን ተወለደ። በላይፕሲግ ተምሮ በዚያው ለዓመታት ከሠራ በኋላ፣ በ1881 በበርሊን የግብርና ከፍተኛ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ሆነ። ቀደም ሲል በ1877 ስለ ላይከን ባሳተመው ጥናት፣ የሁለት ፍጥረታትን አብሮ መኖር፣ አንዱ ሌላውን ይጎዳል ብሎ አስቀድሞ ሳይፈርድ፣ የሚገልጽ ቃል አስተዋውቆ ነበር።

የሕይወቱ ትልቅ ግኝት የተገኘው ሌላ ነገር ሲፈልግ ነው። የፕሩሲያ መንግሥት ትሩፍል የተባለውን ከመሬት በታች የሚበቅል ውድ እንጉዳይ ማልማት ይቻል እንደሆነ እንዲያጠና ጠየቀው። ፍራንክ የደን ዛፎችን ሥር ሲመረምር ቀጫጭኖቹ ሥሮች በፈንገስ ተሸፍነው አገኛቸው፤ ዛፎቹ ግን ጤናማ ነበሩ። በ1885 ይህን ጥምረት፣ ፈንገስና ሥር ከሚሉ የግሪክኛ ቃላት፣ ማይኮራይዛ ብሎ ሰየመው። ፈንገሱ ውኃና ንጥረ ነገር ከአፈር እንደሚያቀብል፣ ዛፉም በአጸፋው እንደሚመግበው አስረዳ።

ሐሳቡ ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው። ፍራንክም በሙከራ መለሰ፦ በሙቀት ከፈንገስ በጸዳ አፈር የተተከሉ የፓይን ችግኞች ባልጸዳ አፈር ካሉት ይልቅ ቀጨጩ። ይሁን እንጂ ማሞቅ የአፈሩን ኬሚካዊ ይዘት ጭምር ስለሚለውጥ፣ ውጤቱ ብቻውን ክርክሩን የሚዘጋ አልነበረም። ፍራንክ በ1889 በጥራጥሬ ሥር ለሚኖረው ባክቴሪያ ራይዞቢየም የሚለውን ስም ከሰጠ በኋላ፣ በ1900 በበርሊን አረፈ። ዋና ሐሳቡን ያጸኑት የ20ኛው ክፍለ ዘመን ተመራማሪዎች ናቸው።

የምድር ሙቀት እየጨመረ ባለበት በዛሬው ዘመን ጥያቄው በአዲስ መልክ ተመልሷል። በአሜሪካ የሎውስቶን ፓርክ ፍል ውኃ አካባቢ የሚበቅል አንድ ሣር፣ ከርቩላሪያ የተባለ ፈንገስ ውስጡ ሲኖር እስከ 65 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚደርስ የአፈር ሙቀትን ይቋቋማል፤ ሣሩና ፈንገሱ ተለያይተው ግን ይህን አይችሉም። ፈንገሱም ይህን ጥቅም የሚሰጠው አንድ ቫይረስ ሲይዝ ብቻ መሆኑ በ2007 ታውቋል።

እንግዲህ ሙቀት የሚችል ፈንገስ ለገበሬ ከመታደሉ በፊት፣ ከሰብሉና ከአፈሩ ጋር በአንድነት፣ ፈንገስ ካልተጨመረበት ማሳ ጋር ተነጻጽሮ መፈተን ይኖርበታል። የፍራንክ ሙከራ ጥንካሬም ጉድለትም የሚያስተምረን ይህንኑ ነው።