ያሬድና ሰሚዎቹ

አዲስ ዜማ የሚያወጣ ሰው ሁለት ጊዜ ይጨነቃል። በመጀመሪያ ዜማው እስኪወጣለት ድረስ ይጨነቃል፤ ከወጣለት በኋላ ደግሞ ሰሚ ፍለጋ ይጨነቃል። የመጀመሪያው ጭንቀት ከራሱ ጋራ ብቻ የሚታገልበት ስለ ሆነ በትዕግሥትና በልፋት ሊወጣው ይችላል። ሁለተኛው ግን በሌላ ሰው ጆሮና በሌላ ሰው አንደበት ላይ የተንጠለጠለ ስለ ሆነ ልፋት ብቻውን አይበቃውም።

እኛ በሚዛን ተፈሪ የምንማር ተማሪዎች ይህን ነገር በመኝታ ክፍላችን በየጊዜው እናየዋለን። ከመካከላችን አንዱ ክራሩን ከኮምፒዩተር ድምፅ ጋራ አዳቅሎ፣ ወይም ዋሽንት ቀድቶ ድምፁን ወደ ኋላ እያስኬደ፣ ከዚህ በፊት ያልተሰማ ነገር ይሠራል። ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ እንድንሰማለት ይለምነናል። እኛም እኩሌታውን እንሰማና ግሩም መሆኑን ነግረነው ወደ ቡናችን እንመለሳለን። ልጁ ምስጋናችንን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ነገር ግን በማግሥቱ ሥራውን ሲከፍት የትኛውን ትቶ የትኛውን እንደሚያቃና ከትናንቱ የበለጠ የሚያውቀው ነገር የለም። ባዶ እጁን መጥቶ ባዶ እጁን ተመለሰ ማለት ነው።

ይህ ነገር ስላሳሰበን በዚህ እትም የአንድ ታላቅ ሰው ሕይወት ለመተረክ ፈለግን። ሰውየው ለማንም አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ የዜማው አባት ቅዱስ ያሬድ ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የሙዚቃ ትምህርት ቤት እንኳ የሚጠራው በስሙ ነው። ዳሩ ግን ስለ ያሬድ ሲወራ ዘወትር የሚነሣው የደረሰው ዜማ ነው እንጂ፣ ያን ዜማ ማን ሰማው፣ ሰሚውስ ምን መለሰለት የሚለው ጥያቄ አይደለም። እኛ በዚህች አጭር ጽሑፍ የምንከተለው ይህን ሁለተኛውን መንገድ ነው።

አስቀድመን አንድ ነገር እንግለጥ። የያሬድን ሕይወት የምናውቀው በቤተ ክርስቲያን ትውፊትና በገድሉ ነው። ትውፊቱ የተወለደበትን ዘመን በ505 ዓ.ም. ያኖረዋል፤ ገድሉ የተጻፈው ግን ከዚያ ብዙ መቶ ዓመታት ቆይቶ ነው። ስለዚህ የምንተርከውን ሁሉ በድንጋይ ላይ ተቀርጾ እንደ ተገኘ ታሪክ አናቀርበውም። አባቶቻችን ስለ አንድ የዜማ ሰው ሲነግሩን የኖሩት ታሪክ ነው እንላለን። ይህም ቢሆን ዋጋው አይቀንስም፤ አንድ ሕዝብ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲያስተላልፈው የኖረ ታሪክ፣ ሕዝቡ ስለ ዜማና ስለ ሰሚ ምን ያስብ እንደ ነበረ ይነግረናልና።

ያሬድ የአክሱም ሰው ነው። ገና ልጅ ሳለ አባቱ ስለ ሞተበት እናቱ ወደ ዘመዱ ወደ መምህር ጌዴዎን ወሰደችው። መምህሩም መዝሙረ ዳዊት ያስተምረው ጀመር። ልጁ ግን ትምህርት አልገባውም። ጓደኞቹ ቀድመውት ሲሄዱ እርሱ እዚያው ቀረ። መምህሩ በዘመኑ ልማድ ቢመታው፣ ቢገሥጸው፣ ምንም ለውጥ አልመጣም። በመጨረሻም ልጁ ዱላው መረረውና ትምህርቱን ጥሎ ኮበለለ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል። ጌዴዎን የያሬድ የመጀመሪያው ሰሚ ነው። ልጁ የሚያነበንበውን እየሰማ መልስ ይሰጠው ነበር፤ መልሱ ግን ዱላ ነበር። ዱላ መሳሳትህን ይነግርሃል፤ የት ላይ እንደ ተሳሳትህ ግን አይነግርህም። ጀርባው የቆሰለ ልጅ ከንባቡ ውስጥ የትኛውን ቃል እንደ ሳተ በቁስሉ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ ያሬድ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ይዞት የወጣው ነገር ቢኖር እኔ አልረባም የሚል አሳብ ብቻ ነበር።

ኮብልሎም ማይ ኪራሕ ከተባለ ቦታ ደረሰና ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ዐረፈ። በዚያም አንድ ትል ፍሬውን ሊበላ ዛፉን ሲወጣ አየ። ትሉ ጥቂት ይወጣና ይወድቃል፤ ደግሞ ይወጣል፣ ደግሞ ይወድቃል። ከብዙ ውድቀት በኋላ በሰባተኛው ጊዜ ከላይ ደርሶ ፍሬውን በላ። ያሬድም ይህን አይቶ አለቀሰ፤ ወደ መምህሩም ተመለሰ። መምህሩ ይቅር ብሎ ተቀበለው። ከዚያ ወዲህ ትምህርቱ ተከፈተለት፣ ብሉይና ሐዲስንም ጠነቀቀ ይላል ትረካው።

ይህን ታሪክ ሁላችንም ገና በልጅነታችን ስለ ትጋት ትምህርት ሲሰጠን ሰምተነዋል። ነገር ግን ሌላም ነገር አለበት። ትሉን ማንም አላመሰገነውም፣ ማንም አልገረፈውም። መልስ የሰጠው ዛፉ ራሱ ነው። በወደቀ ቁጥር የወደቀበት ቦታ ይታወቃል፤ በሚቀጥለው ጊዜ እግሩን የሚያሳርፈው ከዚያ ቦታ ዘወር አድርጎ ነው። ምናልባትም ለልጁ ልብ የገባው ይህ ይሆናል፤ ውድቀት ስድብ ሳይሆን ወሬ ነጋሪ መሆኑ ማለታችን ነው።

ያሬድ አድጎ ዲያቆን ከሆነ በኋላ ነው አዲሱ ነገር የመጣው። ገድሉ እንደሚለው ከእርሱ በፊት የቤተ ክርስቲያኑ ጸሎት በዝግታ ይነበብ ነበር እንጂ ከፍ ባለ ዜማ አይዜምም ነበር። ሦስት አዕዋፍ ከገነት ወደ እርሱ ተላኩና በግዕዝ ቋንቋ አነጋገሩት፤ ወደ ሰማያዊቱ ኢየሩሳሌምም ተነጥቆ የካህናተ ሰማይን ማሕሌት ሰማ። ሲመለስም አክሱም ጽዮን ገብቶ በታላቅ ድምፅ አዜመ። ዜማውንም በሦስት ስልት አቆመው፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ብሎ። እነዚህን ስልቶች ሊቃውንቱ በሥላሴ ይመስሏቸዋል። የዓመቱን በዓላትና ወራት ተከትሎ የሚዜመው ድጓ፣ ለዐቢይ ጾም የሚሆነው ጾመ ድጓ፣ ከዚያም ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት የእርሱ ድርሰቶች ናቸው ተብለው ይቈጠራሉ። በእርግጥ ዛሬ በእጃችን ባለው ድጓ ውስጥ ከእርሱ ብዙ ዘግይተው ስለ ተነሡ ቅዱሳን የሚናገሩ ድርሰቶች ስላሉ፣ መጽሐፉ ከእርሱ በኋላም ሲያድግ የኖረ መሆኑ ግልጥ ነው።

በዚያች ቀን በአክሱም ጽዮን የቆሙትን ሰዎች እስቲ እናስባቸው። የለመዱት ጸሎት ነው፤ ቃሉን ያውቁታል። ድምፁ ግን ከቶ ሰምተውት የማያውቁት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው ሰው ወይ ይሸሻል፣ ወይ ይስቃል፣ ወይ ደንግጦ ይቆማል። ገድሉ ንጉሡም፣ ጳጳሱም፣ ካህናቱም ድምፁን ሰምተው ወደ እርሱ ሮጡ፣ ሲሰሙትም ዋሉ ይላል። ንጉሡ የዐፄ ካሌብ ልጅ ዐፄ ገብረ መስቀል ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ታሪክ በብራና ላይ ሳይቀር ተሥሎ የምናየው ነው። አንድ ቀን ያሬድ በንጉሡ ፊት ቆሞ ሲያዜም፣ ንጉሡ በጦሩ ተመርኩዞ ያዳምጥ ነበር። ዜማው ልቡን ስለ ወሰደው የጦሩ ጫፍ በያሬድ እግር ላይ እንደ ተተከለ አላወቀም። ያሬድም በዜማው ስለ ተመሰጠ ሕመሙ አልተሰማውም። ደሙ ፈሰሰ፤ ዜማው ሲያልቅ ነው ሁለቱም ያዩት። ንጉሡ ደንግጦ ጦሩን ነቀለና የደሙን ዋጋ የወደደውን ሁሉ እንዲጠይቀው ፈቀደለት። ያሬድ ግን ርስትም ሹመትም አልጠየቀም። ወደ ገዳም ሄዶ በምናኔ እንዲኖር እንዲያሰናብተው ብቻ ለመነ። ንጉሡ እያዘነ አሰናበተው፤ ቃል ገብቶ ነበርና።

ከገብረ መስቀል የበለጠ ሰሚ ማን ሊመኝ ይችላል? ንጉሥ ነው፤ ደግሞም ጦሩ የት እንደ ቆመ እስኪረሳ ድረስ የሰማ ነው። ከእኛ መካከል ዜማ የሚሠራ ጓደኛችን እንዲህ ያለ ሰሚ አንድ ቀን ቢያገኝ ዕድሜውን ሙሉ ያወራዋል። ነገር ግን ታሪኩን ልብ ብለን ስናየው የተወጋው ንጉሡ አይደለም፣ ያሬድ ነው። እንዲህ የተመሰጠ ሰሚ ለደራሲው ፍቅሩን ይሰጠዋል እንጂ ስለ ሥራው አንድም ነገር አይነግረውም። አንዳንዴም ሳያውቀው እዚያው ቦታ ላይ ይቸክለዋል። ያሬድ በቤተ መንግሥት ቢቀር ኖሮ፣ ንጉሡን ያስደሰተችውን ያችኑ ዜማ በየቀኑ እየደገመ እንዲኖር ይፈረድበት ነበር ብለን እናስባለን። የጠየቀው ስንብት ከምናኔ ፍላጎት የመጣ መሆኑን ገድሉ ይነግረናል፤ እኛ ግን የአንድ ደራሲ ጥበብም ያለበት ይመስለናል።

ከዚያ ወዲያ ያሬድ ወደ ሰሜን ተራሮች ሄደ። ትውፊቱ በጣና ቂርቆስም፣ በጋይንት ዙር አምባም እንደ ተቀመጠ ይናገራል፤ ዝማሬንም የደረሰው በዙር አምባ ነው ይባላል። በመጨረሻ በሰሜን ብርዳም አገር ሲያስተምርና ሲጸልይ ኖሮ ተሰወረ። መታሰቢያውም በየዓመቱ ግንቦት 11 ቀን ይከበራል። ቤተ መንግሥቱን ትቶ ያገኘው ነገር ቢኖር ደቀ መዛሙርት ነው። ሦስተኛዎቹ ሰሚዎች እነዚህ ናቸው፤ ለእኛ ነገር ዋናዎቹም እነርሱ ናቸው።

ደቀ መዝሙር እንደ ንጉሥ ሰምቶ ዝም አይልም። የሰማውን መልሶ በራሱ ድምፅ ያዜመዋል። ያን ጊዜ መምህሩ ዜማው በሌላ ሰው ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ ምን እንደ ሆነ ይሰማል፤ የቱ ጋ እንደሚከብድ፣ የቱ ጋ እንደሚፈስ፣ የቱ ጋ እንደሚሰበር ያውቃል። ይህም ልማድ ከያሬድ በኋላ በየድጓ ቤቱ ሲሠራበት ኖረ። ተማሪው ያዜማል፤ የኔታ ዐይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ሲሳሳት እዚያው ያስቆሙትና የሳተውን ቦታ ያሳዩታል፤ ከዚያ ቃል ጀምሮ ይደግማል። ድጓውን የሚማር ሰው መጽሐፉን ከነምልክቱ በገዛ እጁ ይጽፋል። ለማስመስከር ደግሞ ወደ ጋይንት ቤተልሔም ይወርዳል፤ የቤተልሔም መምህራን ሰምተው ካላጸደቁለት በቀር የድጓ መምህር አይባልም።

ዜማውን በጽሕፈት ለመያዝ የተደረገውም ሥራ ከዚህ የመነጨ ነው። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የድጓውን ምልክት እንዳቆሙ ታሪክ ይናገራል። ዘመኑ ከታላቅ ጦርነት በኋላ ነው፤ ብዙ መጻሕፍት ተቃጥለዋል፣ ብዙ ሊቃውንትም አልቀዋል። ድፋት፣ ሒደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክና ደረት የሚባሉት ምልክቶች ከፊደሉ በላይና በታች ተጽፈው ድምፁ የሚወርድበትን፣ የሚቀናበትን፣ የሚያዝበትን፣ የሚቈረጥበትን ቦታ ያመለክታሉ። እነዚህን ስሞች ልብ ብሎ የሚያያቸው ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ አንዳቸውም መልካም ወይም ክፉ አይሉም። የሚናገሩት ድምፁ እዚህ ቦታ ላይ ምን እንደሚያደርግ ብቻ ነው። ጥሩ ሰሚ የሚናገረው ቋንቋ እንዲህ ያለው ነው።

እንዲህ ያለ ጆሮ ለማግኘት ግን እስከ ጋይንት መውረድ አያስፈልገንም። በዙሪያችን የሚነገረው የቤንች ቋንቋ አምስት የተለያየ ከፍታ ያላቸው የድምፅ ደረጃዎችና አንድ እየወጣ የሚሄድ ድምፅ አሉት፤ አንዱ ቃል ከሌላው የሚለየው በፊደሉ ብቻ ሳይሆን በድምፁ ከፍታም ጭምር ነው። ቋንቋው በፉጨትም ይነገራል፤ ሰው ቃል ሳያወጣ፣ በድምፁ ከፍታና ዝቅታ ብቻ መልእክቱን ያስተላልፋል። ከቤንች የመጣ ጓደኛችን ድምፃችን በስንት ስንዝር እንደ ሳተ ወዲያው ያውቃል፤ የሳተ ድምፅ ለእርሱ ሌላ ቃል ነውና። እኛ ግን ይህን የመሰለ ጆሮ በመካከላችን ይዘን፣ ክራር የሚመታው ጓደኛችን ሥራውን ሲያሰማን በአንዲት የምስጋና ቃል እንሸኘዋለን።

እንግዲህ ነገራችንን እንሰብስብ። ያሬድ በዱላ የሚመልስ ሰሚ ገጥሞት ከትምህርት ቤት አባረረው። በጦር ተመርኩዞ የሚመሰጥ ሰሚ ገጥሞት እግሩን ወጋው። ዜማውን ከእርሱ በኋላ እስከ ዛሬ ያኖሩለት ግን ተቀምጠው የሰሙት፣ የሰሙትን የደገሙት፣ የሳተውንም ቦታ በጣታቸው ያመለከቱት ናቸው። ስማቸውን አብዛኛውን አናውቀውም።

እኛም የሚቀጥለው ጓደኛችን ያልተሰማ ነገር ሠርቶ ማታ በራችንን ሲያንኳኳ፣ እስከ መጨረሻው እንስማለት። ከዚያ በኋላ ግሩም ነው ከማለት በፊት አንድ ቦታ እንንገረው፤ ልባችን የተነሣበትን ወይም አሳባችን ወደ ሌላ የሄደበትን። ቡናው ቢቀዘቅዝ እንደገና ይፈላል።