ሬምብራንትና የጠፋው ልጅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ስለ ምዕራቡ ዓለም መንፈሳዊ ሥዕል ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው በሮም አብያተ ክርስቲያናት ጣራና ግድግዳ ላይ የሚታየውን ነው። ይሁን እንጂ ቅዱስ መጽሐፍን በሥዕል ከተረጐሙት ታላላቅ ሰዎች አንዱ የኖረው ሥዕል ከቤተ ክርስቲያን እንዲወጣ በተደረገበት አገር ነበር። እርሱም የሆላንዱ ሠዓሊ ሬምብራንት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሬምብራንት በ1606 ላይደን በተባለችው ከተማ ተወለደ። አባቱ በነፋስ ኃይል በሚዞር ወፍጮ ብቅል እየፈጨ የሚተዳደር ሰው ሲሆን እናቱ የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ነበረች። እርሱ ከመወለዱ 40 ዓመት አስቀድሞ፣ በ1566፣ የተሐድሶው ተከታዮች በየቤተ ክርስቲያኑ እየገቡ ሥዕሎችንና ምስሎችን ሰባብረው ነበር። በኋላም የካልቪን ትምህርት በአገሩ ስለ ሠለጠነ የአብያተ ክርስቲያናቱ ግድግዳ ነጭ ተቀባ። ስለዚህ ሠዓሊው ሥራውን የሚሸጠው ለካህናት ሳይሆን ለነጋዴውና ለባለሥልጣኑ መኖሪያ ቤት ሆነ። ከቤተ መቅደስ የወጣው የቅዱስ መጽሐፍ ታሪክ በዚህ መንገድ ወደ ሰዎች እልፍኝ ገባ።

ሬምብራንት በ1620 በላይደን ዩኒቨርሲቲ ቢመዘገብም ልቡ ወደ ሥዕል ስላዘነበለ ትምህርቱን ትቶ ከሠዓልያን እግር ሥር ተቀመጠ። ከዚያም አምስተርዳም ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ስሙ ገነነ። በ1633 ገደማ ለአገሩ መስፍን የክርስቶስን መስቀል መተከል የሚያሳይ ሥዕል ሠራ። ሰቃልያኑ መስቀሉን ሲያነሡ በመካከላቸው ሰማያዊ ቆብ የደፋ አንድ ሰው አብሮ ያነሣል። የዚያ ሰው ፊት የሬምብራንት የራሱ ፊት ነው። ጌታን የሰቀለው የእኔም ኃጢአት ነው የሚለውን እምነት ያለ ቃል በቀለም ገለጸው።

ኃጢአትን በቀለም መናዘዝና በኑሮ መተው ግን አንድ አይደለም። በ1634 ሳስኪያ የምትባል የተከበረ ቤተሰብ ልጅ አገባ። በዚያ ጊዜ ከሠራቸው ሥዕሎች በአንዱ ሚስቱን በጉልበቱ አስቀምጦ፣ ጐራዴ ታጥቆና ብርጭቆ አንሥቶ ሲስቅ ይታያል። ብዙ ሊቃውንት ይህ ሥዕል የጠፋው ልጅ ገንዘቡን ሲያባክን የሚያሳይ ነው ይላሉ። በ1639 በ13,000 ጊልደር ትልቅ ቤት በዱቤ ገዛ፤ ሥዕል፣ የጦር ዕቃና ልዩ ልዩ ብርቅ ነገር እየሰበሰበም ዕዳውን አበዛ።

ኀዘንም በላዩ ተደራረበ። ሦስት ልጆቹ በሕፃንነታቸው ሞቱ፤ የተረፈለት በ1641 የተወለደው ቲቶ ብቻ ነበር። በ1642 ሳስኪያ በ29 ዓመቷ ዐረፈች። በ1648 ገደማ ሬምብራንት ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ተነሥቶ፣ ክርስቶስ ድውያንንና ሕፃናትን ሲቀበል የሚያሳየውን ዝነኛ ሥዕሉን በመዳብ ቀርጾ በወረቀት አተመ። በዚያው ወራት የቲቶ ሞግዚት የነበረችው ኼርትየ ሊያገባኝ ቃል ገብቶ ከዳኝ ብላ ከሰሰችው። እርሱም በ1650 ሴቲቱ ወደ ማረሚያ ቤት እንድትገባ ከተባበሩት ሰዎች አንዱ ሆነ፤ አምስት ዓመት ያህልም በዚያ ቆየች። የክርስቶስን ርኅራኄ እንደዚያ አድርጎ የሣለ እጅ ለአንዲት ሴት መራራት አቃተው።

በ1654 ደግሞ ያለ ጋብቻ አብራው የምትኖረውን ሄንድሪክየን ቤተ ክርስቲያኗ ጠርታ ከሥርዐተ ቁርባን አገደቻት። በ1656 ዕዳውን መክፈል ስላልቻለ ንብረቱ ሁሉ ተመዝግቦ ተሸጠ። በመዝገቡ ውስጥ ከሕያው ሰው ታይቶ የተሣለ የክርስቶስ ፊት ይገኛል። ሬምብራንት የሚኖረው አይሁድ በሚበዙበት ሰፈር ስለ ነበር፣ ለዚህ ሥዕል የተቀመጠለት ከጎረቤቶቹ አንዱ አይሁዳዊ ወጣት ሳይሆን አይቀርም ይባላል።

ቤቱን ለቆ ወደ ድሆች ሰፈር ወረደ። ሄንድሪክየ በ1663፣ ልጁ ቲቶ በ1668 ሞቱበት። በእነዚህ የመጨረሻ ዓመታት ነበር የጠፋው ልጅ ሲመለስ የሚያሳየውን ታላቅ ሥዕል የሠራው። ይህ ሥዕል ዛሬ በሴንት ፒተርስበርግ በኤርሚታዥ ቤተ መዘክር ይገኛል። ልጁ ፀጉሩ ተላጭቶ፣ ልብሱ አልቆ፣ አንድ ጫማው ከእግሩ ወልቆ፣ በአባቱ ደረት ላይ ተደፍቷል። ዓይኑ የደከመው አባት ሁለት እጆቹን በልጁ ጀርባ ላይ አኑሯል። ያ በመጠጥ ቤት የሚስቀው ጐበዝ የለም፤ ብርጭቆውም የለም። ሬምብራንት በ1669 በ63 ዓመቱ ሞተ፤ በምዕራብ ቤተ ክርስቲያን ምልክት በሌለው የኪራይ መቃብርም ተቀበረ።

እንግዲህ ከዚህ ሰው ሕይወት የምናገኘው ትምህርት ለእኛ ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ቅርብ ነው። የቅዱስ ነገር ባለሙያ መሆን ቅድስና አይደለም። መዝሙሩን በዜማ፣ ወንጌሉን በንግግር አሳምረን ከጨረስን በኋላ በቤታችን ለሚያገለግሉን ሰዎች የማንራራ ከሆነ ሥራችን ምን ይጠቅመናል? ደግሞም በዚያ ሥዕል በስተቀኝ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ እጆቹን ያነባበረ ሰው አለ፤ ታላቅ ወንድሙ ነው ይባላል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ታላቁ ልጅ ወደ ቤት አልገባም ብሎ በውጭ ሲቀር፣ ሬምብራንት ግን ወደ ውስጥ አስገብቶ፣ የአባቱ ፊት የሚያበራበት ብርሃን በእርሱም ፊት ላይ እንዲያርፍ አደረገ። ከቤት ላልወጣነው ለእኛ የቀረው ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው፤ ተጠግተን ወንድማችንን ማቀፍ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።