አድሚራል ሂዌትና የሱዳን ጠረፍ

ከገዳሪፍ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚጓዝ መንገደኛ ገላባትን አልፎ ወዲያው መተማን ያገኛል። በጥንት ዘመን ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው ቡና፤ ማርና ሰም በዚሁ በገላባት ገበያ ይሸጥ ነበር። ገዳሪፍም በሹክሪያ ባላባቶች ስም ሱቅ አቡ ሲን ትባል ነበር። የዚህ ጠረፍ ታሪክ በተነሣ ቁጥር ስሙ ከሚጠራው ሰዎች አንዱ ግን ዕድሜውን በመርከብ ላይ የፈጸመ እንግሊዛዊ ነው፤ ይኸውም አድሚራል ሰር ዊሊያም ሂዌት ነው። ዘመኖቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እናስቀምጣለን።

ሂዌት በ1834 በብራይተን ከተማ ተወለደ፤ በ1847 ገና በልጅነቱ ወደ ባሕር ኃይል ገባ። ስሙ የታወቀው በክሪሚያ ጦርነት ነው። በጥቅምት ወር 1854 በሴባስቶፖል ፊት አንድ መድፍ ሲጠብቅ መስኮቦች በጎን መጡበት። መድፉን አበላሽቶ እንዲሸሽ ከአለቃው የመጣ ነው የተባለ ትእዛዝ ቢነገረውም ከአለቃዬ አይደለም ብሎ አልተቀበለውም። የምሽጉን ካብ አፍርሶ የመድፉን አፍ ወደ ጠላት አዞረና ተኩሶ መለሳቸው። ዕድሜው ያን ጊዜ ሃያ ዓመት ነበር። ስለዚህ ተግባሩ በ1857 የቪክቶሪያ መስቀል ኒሻን ተሸለመ። ከዚያም በአሻንቲ ዘመቻ አገልግሎ በ1882 የምሥራቅ ህንድ ባሕር ኃይል አዛዥ ሆነ፤ ቀይ ባሕርም በሥልጣኑ ሥር ዋለ።

በ1884 መጀመሪያ ደርቡሾች በኤል ተብ የግብፅን ጦር ሲደመስሱ ሂዌት ሱዋኪንን እንዲያስተዳድር ተሾመ። በምሥራቅ ሱዳን የነበሩት የግብፅ ወታደሮች መውጫ አጥተው ተከበቡ፤ ከኢትዮጵያ ምድር በቀር መንገድ አልነበራቸውም። እንግሊዝም ሂዌትን ወደ ዐፄ ዮሐንስ ላከችው። በሚያዝያ ከምጽዋ ወጥቶ ንጉሠ ነገሥቱ እስኪደርሱ ድረስ በዐድዋ ሰነበተ።

ውሉ ግንቦት 27 ቀን 1876 ዓ. ም. (ሰኔ 3 ቀን 1884) ተፈረመ። ዐፄ ዮሐንስ የከሰላ፤ የአሚዴብና የሰንሒት ወታደሮች በግዛታቸው በኩል ወደ ምጽዋ እንዲወጡ ሊረዱ፤ ግብፅም በ1872 የያዘችውን ቦጎስን ልትመልስ ተስማሙ። ለነጋዴ ከሁሉ የሚበልጠው ግን የመጀመሪያው አንቀጽ ነው፤ ዕቃ ሁሉ፤ የጦር መሣሪያም ጭምር፤ በእንግሊዝ ጥበቃ በምጽዋ በነጻ እንዲያልፍ ይላል። ንጉሠ ነገሥቱ ይሹ የነበረው ወደቡን ራሱን ነበር፤ የተሰጣቸው ግን መተላለፊያው ብቻ ነው።

ኢትዮጵያ የገባችውን ቃል ፈጸመች። በውሉ ስሙ ያልተጠቀሰው የገላባት ጦር እንኳ በ1885 በኢትዮጵያውያን ርዳታ ወጥቶ ምጽዋ ደረሰ፤ አሚዴብና ጊራም እንዲሁ። ከሰላ ብቻ ርዳታ ሳይደርስላት በሐምሌ ወደቀች፤ በመስከረምም ራስ አሉላ ደርቡሾችን በኩፊት ድል አደረጉ።

በሌላው ወገን የሆነው ግን ሌላ ነው። ውሉ ስምንት ወር እንደ ሞላው፤ የካቲት 5 ቀን 1885፤ ኢጣሊያ በእንግሊዝ ፈቃድ ምጽዋን ያዘች፤ የመሣሪያውም መንገድ ተዘጋ። ነገሩን ሁሉ በሂዌት ላይ መጣል አግባብ አይመስለንም፤ የመንግሥትን አሳብ የሚወስን አድሚራል አይደለምና። ሆኖም በውሉ ላይ የሰፈረው የእሱ ስም ነው፤ ዐፄ ዮሐንስም ያመኑት ያንን ስም ነበር።

ሂዌት ወደ አገሩ ተመልሶ በእንግሊዝ ቻናል ያለውን የመርከብ ጓድ አዘዘ፤ ግንቦት 13 ቀን 1888 በፖርትስመዝ አጠገብ ሞተ። በዚያው ዓመት በጥር፤ ስለ ግብፅ ወታደሮች ቂም የያዙት ደርቡሾች በገላባት በኩል ገብተው ጎንደርን አቃጥለው ነበር። በመጋቢት 1889 ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ቆስለው ሞቱ።