200 ግራም ዳቦ የጠየቀው ሻምፒዮን

በዚህ እትም የምናስተዋውቃችሁ ሰው ኢቫን ፖዱብኒ ይባላል። አባቶቻችን መስኮብ በሚሏት በሩሲያ የተነሳ፣ ዕድሜውን ሙሉ በትግል እንጀራውን የበላ፣ ስሙም ከፓሪስ እስከ ኒውዮርክ የተጠራ የዓለም ሻምፒዮን ነበር። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።)

ታሪኩን ከመጨረሻው አካባቢ እንጀምረው። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና አላበቃም። በአዞቭ ባሕር ዳርቻ በምትገኘው የይስክ በምትባል ከተማ የሚኖር ሰባ ዓመት ያለፈው አንድ ሽማግሌ ለከተማው ምክር ቤት ማመልከቻ ጻፈ። ዳቦ የሚታደለው በካርድ ነው። ሽማግሌው በካርዱ የሚደርሰው 500 ግራም ነበርና ይህ እንደማይበቃው ገልጾ 200 ግራም እንዲጨመርለት ጠየቀ። የራሽን ሰልፍ የምታውቁ ወላጆች እስከዚህ ድረስ ነገሩ እንግዳ አይሆንባችሁም። እንግዳ የሚሆነው አመልካቹ ማን እንደነበረ ሲታወቅ ነው።

ኢቫን ፖዱብኒ በ1871 ክራሴኒቭካ በተባለች መንደር ተወለደ። መንደሯ በዚያን ጊዜ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት በፖልታቫ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች፤ ዛሬ በዩክሬን ውስጥ ናት። ወላጆቹ ኮሳክ ከሚባሉት ተዋጊዎች ዘር የመጡ ገበሬዎች ሲሆኑ አባቱ ማክሲም በጉልበቱ በአካባቢው የታወቀ ሰው ነበር። ልጁም እንደ መንደሩ ልጆች ሁሉ ከብት እየጠበቀና እህል እየተሸከመ አደገ። ሃያ ዓመት ካለፈው በኋላ ግን ሥራ ፍለጋ ከመንደሩ ወጣ። አንዲት የሀብታም ልጅ ወድዶ ነበር፣ የልጅቷም አባት ለድኻ አልሰጥም ስላለ ገንዘብ ይዤ እመለሳለሁ ብሎ ነው የሄደው የሚሉ አሉ።

የሄደው ወደ ጥቁር ባሕር ወደቦች፣ ወደ ሴቫስቶፖልና ወደ ፌዮዶሲያ ነበር። እዚያ ኩሊ ሆነ። ከማለዳ እስከ ማታ ከመርከብ ላይ እህልና ሣጥን በትከሻው ማራገፍ ሥራው ነበር። በዚህ ጊዜ ከእሱ ጋር በአንድ ቤት የሚኖሩ ሁለት የመርከበኞች ትምህርት ቤት ተማሪዎች ነበሩ። እነዚህ ልጆች ጉልበት ብቻውን እንደማይበቃና ሰውነት በሥርዓት መሠልጠን እንዳለበት አስረዱት። ብረት አነሳሱን አስተማሩት፤ ስለ ታላላቅ ታጋዮች የሚያውቁትንም ነገሩት። ፖዱብኒ ትምህርት የቀሰመው ከእንደዚህ ያሉ ሰዎች ነው፤ በመደበኛ ትምህርት ብዙ አልገፋም።

በ1896 ፌዮዶሲያ ላይ ሰርከስ መጣ። ዘመኑ ሬዲዮም ቴሌቪዥንም ያልነበረበት ስለሆነ ሕዝቡ የሚዝናናው በሰርከስ ነበር። በሰርከስ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ የሚወደደው ደግሞ ትግል ነው። ከተመልካች መካከል የፈለገ ገብቶ ከባለሙያዎቹ ጋር እንዲገጥም ይፈቀድ ነበርና ፖዱብኒም ገባ። በክብደት ማንሳቱ አልቀናውም። በትግሉ ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ከአንዱ በቀር ሁሉንም ጣለ። ከዚያ በኋላ ወደ ወደቡ ሸክም አልተመለሰም። ሲጋራና መጠጥ ተወ፤ በየቀኑ 32 ኪሎ የሚመዝኑ ብረቶች ማንሳትና በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ ልማዱ ሆነ። በመንገድ ሲሄድም 16 ኪሎ የሚመዝን የብረት ከዘራ ይዞ ነበር የሚንቀሳቀሰው። ከዘራውን አንድ ጊዜ ያዝልኝ ብሎ ለማያውቀው ሰው ሲሰጥ ተቀባዩ ምን እንደሚሆን እናንተው ገምቱ።

በኪየቭ ሰርከስ ሲሠራ ትርኢት ከምታሳይ ልጅ ጋር ተዋደደ። ሊጋቡ ጥቂት ሲቀራቸው ልጅቷ ከከፍታ ወድቃ ሞተች። ፖዱብኒ ለተወሰነ ጊዜ ትግሉንም ሰዎችንም ሸሸ። በዚህ ኀዘን ላይ ሳለ ነው ከሴንት ፒተርስበርግ የአትሌቲክስ ማኅበር ጥሪ የደረሰው። በ1903 ፓሪስ ላይ ለሚደረገው የዓለም ሻምፒዮና ሩሲያን የሚወክል ሰው ይፈለግ ነበር።

ስለ ትግሉ ዓይነት ጥቂት እንበል። ያ ትግል በዛሬ ስሙ የግሪኮ ሮማን ትግል ነው። ተጋጣሚን ከወገብ በታች መያዝ ክልክል ነው። በትምህርት ቤታችን ሜዳ ልጆች የሚወዱት እግር ጠልፎ መጣልም በዚያ አይፈቀድም። የተጋጣሚውን ሁለት ትከሻ ምንጣፍ ያስነካ ያሸንፋል። ፖዱብኒ በዚያን ጊዜ ቁመቱ 1 ሜትር ከ84፣ ክብደቱ 118 ኪሎ ነበር። ፈረንሳዊ አሠልጣኝ ተቀጥሮለት ወራት ከተዘጋጀ በኋላ ፓሪስ ላይ 11 ተጋጣሚዎችን አሸነፈ።

አሥራ ሁለተኛው ራውል ለ ቡሼ የተባለ ወጣት ፈረንሳዊ ነበር። ዕድሜው ሃያ ገደማ ሲሆን የፓሪስ ሰው እጅግ ይወደው ነበር። ትግሉ እንደ ተጀመረ ፖዱብኒ አንድ ነገር ልብ አለ። የራውል ሰውነት እንደ ዓሣ ያሟልጫል። በያዘው ቁጥር ከእጁ ሙልጭ እያለ ያመልጠዋል። ሰውነቱን የወይራ ዘይት ተቀብቶ ነበር! ፖዱብኒ ትግሉን አስቁሞ ለዳኞች አመለከተ። ዳኞቹም አዩት፣ ዘይት መሆኑንም አረጋገጡ። ታዲያ ምን ወሰኑ? ሰውየውን ከማስወጣት ይልቅ በየአምስት ደቂቃው በፎጣ እንዲጠረግ አዘዙ። ይጠረጋል፤ ጥቂት ቆይቶ ዘይቱ ከላቡ ጋር እንደገና ይወጣል። እንዲህ እየተጠረገና እያሟለጨ አንድ ሰዓት አለቀ። የወደቀ ሰው የለም። በመጨረሻም ዳኞቹ ራውል አሸናፊ ነው አሉ። ምክንያታቸው ከተጋጣሚው አያያዝ በሚያምር ጥበብ አምልጧል የሚል ነበር።

ልጆች፣ በጨዋታ ዳኛ የበደላችሁ ካላችሁ የዚህ ሰው ስሜት ይገባችኋል። ፖዱብኒ አገሩ ተመለሰ። ትግልን እርግፍ አድርጎ ለመተው አስቦ ነበር፤ ወዳጆቹ ናቸው ያስቀሩት።

በተከታዩ ዓመት ራውል በሴንት ፒተርስበርግ ለተዘጋጀ ውድድር መጣ። በዚህ ጊዜ ዘይት የለም። ፖዱብኒ ተጋጣሚውን በእጅና በጉልበቱ አንበርክኮ፣ ወዲያው መጣል ሲችል ሳይጥለው፣ ለረጅም ጊዜ በዚያው ሁኔታ ያዘው። ተመልካቹ ያፏጫል፣ ይስቃል። ዳኞች ራውልን እስኪያስለቅቁት ድረስ አልተወውም። በቀል ነበር ብንል አንሳሳትም፤ ቢሆንም በደንቡ ውስጥ የተፈጸመ በቀል ነው። በዚሁ ውድድር የቀድሞውን የዓለም ሻምፒዮን ፈረንሳዊውን ፖል ፖንስን ረታ። በ1905 ወደዚያችው ፓሪስ ተመልሶ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያም እስከ 1909 ድረስ ማዕረጉን ደጋግሞ ስለወሰደ የሻምፒዮኖች ሻምፒዮን የሚል ስም ወጣለት።

በዕድሜው ሙሉ ተሸንፎ አያውቅም ብለው የሚጽፉ አሉ፤ ይህ እውነት አይደለም። የዓለም ሻምፒዮን የሚለው ስምም በዚያ ዘመን እንደ አሁኑ አንድ ፌዴሬሽን ብቻ የሚሰጠው አልነበረም። ይልቅስ ሊታወቅለት የሚገባው ሌላ ነው። በዚያ ዘመን የሙያ ትግል ከስፖርትነቱ ንግድነቱ ያይል ነበር። በብዙ ቦታ ማን ማንን በስንተኛው ደቂቃ እንደሚጥል አዘጋጁ አስቀድሞ ይወስናል፤ ታጋዩም ገንዘቡን ተቀብሎ በተነገረው ሰዓት ይወድቃል። ፖዱብኒ በትእዛዝ አልወድቅም በማለቱ ከአዘጋጆች ጋር ሲጋጭ ኖረ። ሊጥለው የሚችል ካለ በጉልበቱና በጥበቡ ይጣለው ነው አቋሙ።

በ1910 በቃኝ ብሎ ወደ አገሩ ተመለሰ። አንቶኒና የምትባል መልከ መልካም ሴት አገባ፤ መሬት ገዛ፤ ወፍጮ ተከለ። ንግድ ግን እንደ ትግል አልሆነለትም። ወፍጮዎቹ አከሰሩትና ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ በአርባ ሁለት ዓመቱ ወደ ሰርከስ ተመለሰ።

ከዚያ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት፣ አብዮቱና የእርስ በርስ ጦርነቱ ተከታትለው መጡ። ከተሞቹ ዛሬ በነጮች፣ ነገ በቀዮች እጅ ይወድቁ ነበር። ፖዱብኒ የማንም ወገን ሳይሆን ከከተማ ከተማ እየዞረ ይታገል ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ የማንም አለመሆን ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ከእኔ የተሻለ ያውቁታል። ኦዴሳ ላይ ስሙ ከአንድ ከሚፈለግ ሰው ስም ጋር በመመሳሰሉ ብቻ ታስሮ ከሞት ለጥቂት እንደተረፈ ይነገራል። ሚስቱም በዚሁ ግርግር ከአንድ መኮንን ጋር ሄደች። ስትሄድ የወርቅ ሜዳሊያዎቹን ይዛ ነው። በኋላ ይቅርታ ጠይቃ ብትጽፍለትም መልስ አልሰጣትም ይባላል።

በ1920ዎቹ ማሪያ ከምትባል፣ አንድ ልጅ ካላት ሴት ጋር ትዳር መሠረተ፤ የእሷንም ልጅ እንደ ልጁ አሳደገ። ሃምሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ደግሞ ወደ አሜሪካ ሄደ። እዚያ የሚወደደው እግር መያዝና መጥለፍ የሚፈቀድበት ነፃ ትግል ስለነበር በዚያ ዕድሜው አዲስ ትግል መማር ግድ ሆነበት። ከእሱ በሃያ ዓመት ከሚያንሱ ሰዎች ጋር ገጠመ። በ1926 በአሜሪካዊው ጆ ስቴቸር ተሸነፈ። አዳራሹ ይሞላ ነበር፤ እሱ ግን ኑሮውም የአዘጋጆቹም አሠራር አልጣመውም። በ1927 ጥሎ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ከዚያም ከባለቤቱ ጋር የይስክ ላይ ቤት ገዝቶ ተቀመጠ።

በ1939 የሶቪየት መንግሥት ከፍተኛ የሥራ ኒሻን ሰጠው። ትግል ያቆመው በ1941፣ በሰባ ዓመቱ ገደማ ነው።

በነሐሴ 1942 የጀርመን ጦር የይስክን ያዘ። ፖዱብኒ ከከተማው አልሸሸም፤ ልቡ ታሞ ነበር፣ ዕድሜውም ገፍቷል። ጀርመኖቹ ስሙን ከድሮ ጀምሮ ያውቁታል። ሽማግሌው ደረቱ ላይ የሶቪየት ኒሻኑን ሰክቶ በመንገድ ሲሄድ ያዩት ነበር፤ አልነኩትም። ወደ ጀርመን መጥቶ ታጋዮችን እንዲያሠለጥን ጠየቁት፤ እምቢ አለ። የሚበላው ስላልነበረው ግን በአንድ የቢልያርድ ቤት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ሰክሮ የሚረብሽ ወታደር ሲመጣ አንገቱን ይዞ ከደጅ ያወጣው እንደነበር የከተማው ሰው ያወራል። በየካቲት 1943 የሶቪየት ጦር ሲመለስ ለጠላት ሠርቷል ተብሎ ተመረመረ። ክህደት ስላልተገኘበት ተለቀቀ።

ማመልከቻው የሚመጣው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ያ ሰውነት ለብዙ ዓመታት ለትግል የተገነባ ነው። ማርጀቱን እንጂ ማነሱን አያውቅም። ለተራ ሰው የተመደበው 500 ግራም ለእሱ ቁርስ አይሆንም። የወር ስኳሩን በአንድ ቀን ይጨርሰው ነበር ይባላል። ጎረቤቶች ካላቸው ላይ ያካፍሉት ነበር። በመጨረሻ የቀሩትን ሜዳሊያዎች አንድ በአንድ እየሸጠ ዳቦ ገዛባቸው። ለወደቀለት ታጋይ ሁሉ የሚከፈለውን ገንዘብ ሲንቅ የኖረ ሰው፣ በእውነት ያገኛቸውን ወርቆች ለምግብ አወጣቸው። በዚሁ ዘመን፣ በ1945፣ መንግሥት የተከበረ የስፖርት ማስተር የሚል ማዕረግ ሰጥቶታል። ማዕረጉ በራሽን ካርዱ ላይ ስንት ግራም እንደጨመረ የሚናገር የለም።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ከገበያ ሲመለስ ወድቆ የጭኑ አጥንት ተሰበረ። አጥንቱ አልጠገነለትም። የ16 ኪሎውን ከዘራ ይዞ ይዞር የነበረው ሰው በክራንች መሄድ ጀመረ። ከግቢው በር አጠገብ ወንበር እየወጣለት ይቀመጥና መንገደኛውን ያይ ነበር። ነሐሴ 8 ቀን 1949 በልብ ድካም አረፈ።

የተቀበረው በከተማው መናፈሻ ውስጥ ነው። መናፈሻው ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ ሙዚየምም ተሠርቶለታል፤ በስሙ የሚደረጉ የትግል ውድድሮችም አሉ። የተወለደባት መንደር ዩክሬን ውስጥ፣ መቃብሩ ሩሲያ ውስጥ ነው። ሁለቱም አገሮች የእኛ ነው ይላሉ።