የበሽተኞቹን ዕድሜ በካርድ የተከታተለው ሐኪም

ኤሚል ክሬፔሊን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1856 ዓ.ም. በጀርመን አገር ተወለደ። በሃይድልበርግ ሲሠራ የእያንዳንዱን በሽተኛ ሁኔታ በካርድ እየጻፈ ለዓመታት ይከታተል ነበር። በ1899 ዓ.ም. ባሳተመው የመማሪያ መጽሐፉም፣ በወጣትነት የሚጀምረውንና ዛሬ ስኪዞፍሬኒያ የምንለውን ሕመም፣ እየተመላለሰ ከሚነሣው የስሜት ሕመም ለይቶ አስረዳ። መነሻው አንጎል እንደ ሆነ፣ አብዛኞቹም ሕመምተኞች እየደከሙ እንደሚሄዱ አመነ።

በ1926 ዓ.ም. ሲሞት ግን የሕያው ሰውን አንጎል አጥርቶ የሚያሳይ መሣሪያ አልነበረም። ከ1990ዎቹ ወዲህ ሐኪሞች የወጣት ሕመምተኞችን አንጎል በማግኔት መሣሪያ ደጋግመው ሲያነሡ፣ ግራጫው ክፍል ከጤነኞቹ ይልቅ በአማካይ ፈጥኖ እንደሚሳሳ ተመለከቱ። ሆኖም በሕክምናና በቤተሰብ ድጋፍ ተሽሏቸው ወደ ትምህርታቸውና ወደ ሥራቸው የተመለሱ ብዙዎች ናቸው።

እንግዲህ ከክሬፔሊን ትዕግሥቱን እንማር፤ በታመመ ጓደኛችን ላይ ግን ተስፋ አንቁረጥ።