የአበበ ቢቂላ ሦስተኛው ውድድር

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው የጉማራን ወንዝ ከተሻገረ በኋላ የፎገራ ሜዳ ወለል ብሎ ይታየዋል። ክረምት ሲገባ ጉማራና ርብ ሞልተው ሜዳውን ውሃ ያለብሱታል፤ የፎገራ ገበሬም ሩዙን የሚያበቅለው በዚሁ ውሃ ነው። ወረታ ከተማ የተቀመጠችው በዚህ ሜዳ ላይ ሲሆን የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ የሚለያዩት በእርስዋ ዘንድ ነው።

ሜዳው ዳገት ስለሌለው ለጎማ የተመቸ ነው። በገበያ ቀን ከመንገዱ ዳር ብንቆም በጋሪውና በባጃጁ መካከል በእጅ የሚዘወር ባለ ሦስት ጎማ ተሽከርካሪ ሲያልፍ እናይ ይሆናል። የሚዘውረው ሰው እግሩ አልታዘዝ ያለው ነው። እኛም ይህን ሰው ባየን ጊዜ እጃችን ቶሎ የሚሄደው ወደ ኪሳችን ነው። ሳንቲም ሰጥተን እናልፋለን እንጂ ከየት እንደ መጣ፣ በክንዱ ስንት ኪሎ ሜትር እንደ ገፋ አንጠይቀውም። ስለዚህ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምንተርከው ሁሉም ሰው ከሚያውቀው የሻምበል አበበ ቢቂላ ሕይወት ብዙ ጊዜ ሳይነገር የሚቀረውን ክፍል ይሆናል።

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ በመንዲዳ አቅራቢያ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። የክብር ዘበኛ ወታደር ሆኖ ሳለ ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ለማራቶን አዘጋጀው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ማለት በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ምሽት፣ በሮማ ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ።

ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። ነገር ግን በዚያችው ሮማ ከስምንት ቀን በኋላ ሌላ ውድድር ተከፍቶ እንደ ነበረ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ከልዩ ልዩ አገር የመጡ 400 ያህል አካል ጉዳተኞች በተሽከርካሪ ወንበር ሆነው ተወዳደሩ፤ ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተብሎ የሚቆጠረውም ይኸው ነው። አበበ በዚያን ጊዜ እግሩን ዓለም ያደነቀለት ጎልማሳ ነበረና አንድ ቀን ከእነዚህ ወንድሞቹ ጋር እንደሚሰለፍ ማን ሊገምት ይችል ነበር?

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ደገመው። የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ ከእርሱ የቀደመ ሰው አልነበረም። በጥቅምት 1961 ዓ.ም. ግን በሜክሲኮ በእግሩ ጉዳት ምክንያት አቋረጠ፤ ድሉን ማሞ ወልዴ ወረሰው። ከሁለት ሳምንት በኋላም ኢትዮጵያ በቴል አቪቭ በተደረገው ፓራሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ተካፈለች።

በዚያው ዓመት መጋቢት 13 ቀን በሸኖ አቅራቢያ አበበ የሚነዳት ቮልስዋገን መኪና በሌሊት ተገለበጠች። የኅብለ ሰረሰሩ ጉዳት የጸና ስለ ነበረ በሳምንቱ ወደ እንግሊዝ አገር፣ ወደ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ተላከ። በዚያም ወራት ያህል ታከመ። በመጀመሪያ እጁም አልታዘዝ ብሎት ነበር፤ በኋላ ክንዱ ተመለሰለት፣ እግሩ ግን እንደ ቀረ ቀረ።

ስለዚህ ሆስፒታል ጥቂት መናገር ይገባናል። ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ከናዚዎች ሸሽተው ወደ እንግሊዝ የገቡ ሐኪም ነበሩ። ከእርሳቸው በፊት ኅብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው በአልጋ ላይ ሆኖ በመኝታ ቁስልና በኩላሊት በሽታ ሞቱን የሚጠብቅ ነበር። እርሳቸው ግን ስፖርትን እንደ መድኃኒት ቆጥረው በሽተኞቻቸውን ኳስና ቀስት አስያዙአቸው። በሐምሌ 1940 ዓ.ም. በሆስፒታሉ ግቢ 16 ሰዎችን በቀስት ውርወራ አወዳደሩ፤ የሮማው ውድድር የዚህ ልጅ ነው።

አበበም በዚህ ቤት ቀስት መሳብንና የጠረጴዛ ቴኒስን ተማረ። በዓለም አንደኛ የነበረ ሰው እንደ ጀማሪ ሆኖ ከሌላው በታች መሰለፍ እንዴት እንደሚከብድ አንባቢ ራሱ ይገምተው። እርሱ ግን ድሉንም አደጋውንም ከእግዚአብሔር እጅ እንደ ተቀበለው ይናገር ነበርና አላፈረም። በሐምሌ 1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንዴቪል የተሽከርካሪ ወንበር ጨዋታዎች በሁለቱም ስፖርቶች ተወዳደረ። በሚያዝያ 1963 ዓ.ም. ወደ ኖርዌይ ተጋብዞ ሄደ። በክረምት ቆርቆሮ ከሚደበድበው በረዶ በቀር ሌላ በረዶ በማይታወቅበት አገር ያደገው ሰው፣ ውሾች በሚስቡት ሸርታቴ ላይ ተቀምጦ በ25 ኪሎ ሜትሩ ውድድር አንደኛ ወጣ።

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ከአደጋው ጋር በተያያዘ የጭንቅላት ደም መፍሰስ በ41 ዓመቱ ዐረፈና በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ተቀበረ። ንጉሠ ነገሥቱም ብሔራዊ የሐዘን ቀን አወጁለት።

ከእርሱ በኋላ የተሽከርካሪው ስፖርት እየሰፋ ሄደ። ብስክሌት በ1976 ዓ.ም. ወደ ፓራሊምፒክ ገባ፤ በ1997 ዓ.ም. መጀመሪያ በአቴና በተደረገው ደግሞ በእጅ የሚዘወረው ብስክሌት ተጨመረ። የእኛ አገር ልጆች ስማቸውን ያስጠሩት በሩጫው ነው። በ2004 ዓ.ም. ወንድዬ ፍቅሬ በለንደን በ1,500 ሜትር ብር አገኘ። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ትዕግስት ገዛኸኝ አበበ በደገመባት በቶኪዮ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ አመጣች፤ በ2016 ዓ.ም. በፓሪስ እርስዋና ያየሽ ጌቴ እያንዳንዳቸው ወርቅ አገኙ።

እንግዲህ ወደ ወረታ እንመለስ። በእጅ የሚዘወረው ጎማ በዓለም አደባባይ ሜዳልያ የሚያስገኝ ሆኖ ሳለ በእኛ ዘንድ የልመና ምልክት ሆኖ መታየቱ ያሳዝናል። ከወረታ እስከ ጉማራ ያለው አስፋልት በአንድ እሑድ ማለዳ ለእነዚህ ሰዎች ቢለቀቅና መነሻና መድረሻው በኖራ ቢሠመርላቸው ወጪው ብዙ አይሆንም። እስከዚያው ግን የፎገራን መንገድ በክንዱ ጉልበት የሚገፋው ሰው በአጠገባችን ሲያልፍ፣ እጃችን ወደ ኪስ ከመግባቱ በፊት በአፋችን ሰላምታ እንስጠው፤ ስንት ኪሎ ሜትር እንደ መጣም እንጠይቀው።